ካሜራው አይጠብቅም፦ ለሲኒማ ካሜራ ውጫዊ ማከማቻ ሲመረጥ

ሙሽራዪቱ የወላጆቿን ጉልበት ስማ ከቤት የምትወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አባት እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ፣ የእናት እልልታ በሳግ ሲቆራረጥ ካሜራው እየቀረጸ መሆን አለበት። ሆኖም ቀረጻው ከተጀመረ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ደቂቃ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ቀዩ የመቅረጫ ምልክት ይጠፋና ፍሬሞች መዝለላቸውን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ካሜራው ደኅና ነው፤ ባትሪው ሙሉ ነው፤ በዩኤስቢ ገመድ የተያያዘው ዲስክም ገና ከአሥር አንዱ እንኳ አልተያዘም። በዲስኩ ማሸጊያ ላይ የታተመው የፍጥነት ቁጥር ደግሞ ካሜራው ከሚፈልገው በብዙ ይበልጣል።

የዚህ ዓይነቱ ክስተት መንስኤ ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ዕቃ ሳይሆን የተሳሳተ ቁጥር ታይቶ የተገዛ ዕቃ ነው። ሻጭ የሚያስተዋውቀው ዲስኩ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶችና ደቂቃዎች የሚደርስበትን ከፍተኛ ፍጥነት ነው። ካሜራው የሚፈልገው ግን ዲስኩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እንኳ ከእርሱ በታች የማይወርድበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በማሸጊያ ላይ ሲታተም እምብዛም አይታይም።

ኮምፒውተር ፋይል ሲገለብጥ ዲስኩ ቢዘገይበት ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ቡናውን ጠጥቶ ሲመለስ ሥራው አልቆ ያገኘዋል። ካሜራ ግን የሚጠብቅበት ፋታ የለውም። በየሰከንዱ 24 ወይም 30 ምስል ከዳሳሹ ይወጣል፤ ከኋላው ሌላ እየመጣ ነው። በካሜራው ውስጥ ያለው ጊዜያዊ ማረፊያ የሚይዘው ጥቂት ምስሎችን ብቻ በመሆኑ ዲስኩ ለአፍታ ቢያመነታ ምስል ይዘላል ወይም ቀረጻው ይቆማል።

የሲኒማ ካሜራ ለብዙ ዘመን ይህ ጭንቀት አልነበረበትም። በ35 ሚሊሜትር ካሜራ ላይ የሚገጠም 1,000 ጫማ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ሲነሣበት 11 ደቂቃ ያህል ይቆይና ያልቃል፤ የሚያልቅበትም ጊዜ አስቀድሞ ይታወቃል። ዲጂታል ካሜራዎች ሲመጡ ፊልሙን የተኩት ለየካሜራው የተለዩ ውድ ካርዶችና ከካሜራው ጎን የሚገጠሙ ውጫዊ መቅረጫዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን በ1,295 ዶላር ለሽያጭ ባቀረበው ፖኬት ሲኒማ ካሜራ 4ኬ ላይ፣ በዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ በኩል ከማንኛውም ሱቅ በሚገዛ ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ ላይ በቀጥታ መቅረጽ የሚያስችል አሠራር አካተተ። በዘመኑ ለካሜራው ይመረጥ የነበረው የሲፋስት 2.0 ካርድ ዋጋ እጅግ ከባድ ስለነበር፣ ከዚያ ባነሰ ዋጋ በብዙ የሚበልጥ መጠን የሚይዝ ዲስክ መጠቀም መቻሉ ለአነስተኛ አዘጋጆች ትልቅ እፎይታ ሆነ። 51 ግራም ብቻ የሚመዝነው የሳምሰንግ ቲ5 ዲስክ በእነዚህ ካሜራዎች ጀርባ ላይ የተለመደ ዕቃ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እፎይታው ግን ኃላፊነትንም ከአምራቹ ወደ ገዢው አዛውሯል። የተለየ ካርድ የሚሸጥ ካምፓኒ ካርዱን ለካሜራው ፈትሾ ያቀርባል፤ ከሱቅ መደርደሪያ የሚነሣን ዲስክ የመፈተሹ ሥራ የራሱ የቀራጩ ነው።

የሚፈሰውን የመረጃ መጠን ለመገመት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። 4ኬ የሚባለው ምስል በወርዱ 3,840፣ በቁመቱ 2,160 ነጥቦች አሉት፤ በጠቅላላው 8.3 ሚሊዮን ነጥብ ያህል ማለት ነው። ዳሳሹ ለእያንዳንዱ ነጥብ 12 ቢት ቢመዘግብ አንዱ ምስል ብቻውን ከ12 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። በሰከንድ 24 ምስል ሲነሣ ወደ 300 ሜጋባይት ይደርሳል፤ በሰዓት ከአንድ ቴራባይት ያልፋል። 6,144 በ3,456 ነጥብ የሆነው የ6ኬ ምስል በዚሁ ስሌት በየሰከንዱ 764 ሜጋባይት ገደማ ይጠይቃል።

ይህን ጥሬ መረጃ እንዳለ የሚቀርጽ ሰው ጥቂት ነው። ካሜራዎች መረጃውን አምቀው ይጽፋሉ። የ6ኬው ፍሰት በ3 እጅ ሲታመቅ በሰከንድ ወደ 255 ሜጋባይት፣ በ5 እጅ ወደ 153፣ በ8 እጅ ወደ 96፣ በ12 እጅ ደግሞ ወደ 64 ሜጋባይት ይወርዳል። በ5 እጅ የታመቀው ቀረጻ አንድ ቴራባይት ዲስክ ላይ ከሁለት ሰዓት ላነሰ ጊዜ ብቻ ይበቃል፤ በ12 እጅ የታመቀው ግን ከአራት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ለሠርግ፣ ለቃለ መጠይቅና ለመድረክ ዝግጅት የ12 እጁ ቀረጻ ከበቂ በላይ ነው። ልዩ ውጤት የሚጨመርበት ወይም በትልቅ የሲኒማ ስክሪን የሚታይ ሥራ ካልሆነ በቀር ከፍተኛውን ጥራት መምረጥ ዲስክን በከንቱ መሙላት ይሆናል። ብዙዎች ፈጣን ዲስክ ፍለጋ ሲደክሙ ከሁሉ የረከሰው መፍትሔ በካሜራው ሜኑ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስተው የቢትና የባይት ጉዳይ ነው። የቪዲዮ ፎርማቶች መጠን የሚገለጸው ብዙ ጊዜ በሜጋቢት ሲሆን የዲስኮች ፍጥነት ግን በሜጋባይት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። አፕል ለፕሮሬስ 422 ኤችኪው በ4ኬ፣ በሰከንድ 30 ምስል ገደማ ሲቀረጽ 884 ሜጋቢት እንደሚፈስ ይገልጻል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ለ8 ሲካፈል ግን 110 ሜጋባይት ያህል ነው። በሰዓት ወደ 400 ጊጋባይት ይጠጋል። ዛሬ በሱቅ የሚገኝ ማንኛውም ኤስኤስዲ በወረቀት ላይ ይህን ፍጥነት በቀላሉ ያልፋል።

በተግባር የማያልፉት ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ዲስኩ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ኤስኤስዲ መረጃን የሚይዘው በጥቃቅን ሕዋሶች ውስጥ በሚታሰር የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። በአንድ ሕዋስ አንድ ቢት ብቻ ማስቀመጥ ፈጣንና አስተማማኝ ነው፤ ምክንያቱም የሚለዩት ሁለት ደረጃዎች ብቻ ናቸው፦ ቻርጅ አለ ወይም የለም። በአንድ ሕዋስ ሦስት ቢት የሚያስቀምጠው ቲኤልሲ የተባለው ዓይነት 8 ደረጃዎችን መለየት ይኖርበታል። አራት ቢት የሚያስቀምጠው ኪውኤልሲ ደግሞ 16 ደረጃዎችን። ደረጃዎቹ በበዙ ቁጥር ቻርጁን በትክክል ልኮ ማስገባት ጊዜ ይወስዳል። ጥቅሙ ዋጋው መርከሱ ነው፤ በዚያው ሕዋስ ብዙ መረጃ ይቀመጣል።

አምራቾች ይህን ዝግታ የሚሸፍኑበት ዘዴ አላቸው። ገበሬ ምርቱን መጀመሪያ አውድማ ላይ ያከማቻል፤ ወደ ጎተራ የሚያስገባው ኋላ፣ ቀስ ብሎ ነው። ዲስኩም እንዲሁ ከሕዋሶቹ የተወሰኑትን ለጊዜው በአንድ ሕዋስ አንድ ቢት ብቻ እንዲይዙ ያደርግና የሚመጣውን መረጃ በዚያ ሰፊ አውድማ ላይ በፍጥነት ይቀበላል። ሥራ ሲቀዘቅዝለት ወደ ጎተራው ያስገባዋል። ፎቶግራፍና ሰነድ ለሚገለብጥ ሰው አውድማው አይሞላበትም፤ ስለዚህ ዲስኩ ሁልጊዜ ፈጣን ሆኖ ይታየዋል። የቪዲዮ ቀረጻ ግን ያለማቋረጥ የሚወርድ አዝመራ ነው። አውድማው ሲሞላ መረጃው የሚገባው በጎተራው ጠባብ አፍ ልክ ይሆናል። ይባስ ብሎም በብዙ ዲስኮች አውድማው ራሱ ከጎተራው ባዶ ቦታ የተበደረ ነው፤ ጎተራው በሞላ ቁጥር አውድማው ይጠባል። ትናንት ባዶውን ሲፈተሽ ያለፈው ዲስክ ዛሬ ሲጋመስ የሚወድቀው በዚህ የተነሣ ነው።

ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው የሳምሰንግ 870 ኪውቪኦ ዲስክ ነው። አምራቹ ከሌሎች በተሻለ ግልጽነት ቁጥሮቹን ራሱ አውጥቷቸዋል። የአንድ ቴራባይቱ ሞዴል በሰከንድ እስከ 530 ሜጋባይት ይጽፋል፤ አውድማው 42 ጊጋባይት ሲሆን ያ ሲሞላ ፍጥነቱ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። 110 ሜጋባይት የሚጠይቀው የፕሮሬስ ቀረጻ 42 ጊጋባይቱን ለመሙላት ስድስት ደቂቃ ተኩል አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ በየሰከንዱ 110 እየመጣ 80 ብቻ ይገባል፤ ቀሪው የሚያርፍበት ቦታ የለም። ይህ ዲስክ ለኮምፒውተርና ለማኅደር ሥራ የታሰበ መልካም ዕቃ ነው፤ በመያዣ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ከካሜራ ጋር ማያያዝ ግን ያልተፈጠረበትን ሥራ እንዲሠራ መጠየቅ ነው። በመግቢያው ላይ የተገለጸው የሠርግ ቤት ብልሽት በትክክል የዚህ ዓይነት ስሌት ውጤት ነው።

ስለዚህ ለቀረጻ ዲስክ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሕዋሱን ዓይነት ነው። ኪውኤልሲ ከሆነ ለቀረጻ አይመከርም፤ ቀረጻ ለማስቀመጥ ግን ያገለግላል። ቲኤልሲ ከሆነ ደግሞ አውድማው ከሞላ በኋላ ያለው ፍጥነት ካሜራው ከሚፈልገው ቢያንስ በግማሽ ቢበልጥ ይመረጣል። የካሜራ አምራቾች ፈትሸው ያጸደቋቸውን ዲስኮች ዝርዝር ያወጣሉ፤ ዝርዝሩን ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ብልጫ ያለው ፍጥነትም ሁልጊዜ ጥቅም የለውም። የፖኬት 4ኬ የዩኤስቢ ቀዳዳ በሰከንድ 5 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ ነው፤ በተግባር ከ450 ሜጋባይት ብዙም አይርቅም። በሰከንድ 2,000 ሜጋባይት የሚጽፍ ዲስክ ገዝቶ በዚህ ቀዳዳ ላይ መሰካት ሰፊ ወንዝን በቀጭን ቧንቧ ለማሳለፍ እንደመሞከር ነው፤ ትርፉ ተጨማሪ ሙቀትና ተጨማሪ የባትሪ ፍጆታ ብቻ ይሆናል።

ዝርዝር ባይገኝ መፈተኛው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ነፃው የብላክማጂክ የዲስክ ፍጥነት መለኪያ የሚጽፈው ቢበዛ 5 ጊጋባይት ፋይል በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚለካው አውድማውን እንጂ ጎተራውን አይደለም። ትክክለኛው ፈተና ዲስኩን በራሱ በካሜራው ላይ ሰክቶ፣ ለሥራው በታሰበው ጥራት፣ እስኪሞላ ድረስ መቅረጽ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሌንሱን ክዳን ሳያነሡ ጥቁር ምስል መቅረጽ፣ ካሜራው እንደ ምስሉ ውስብስብነት የመረጃውን መጠን በሚያስተካክልበት ሁኔታ ላይ ከሆነ፣ ምንም አይፈትንም፤ ጥቁር ምስል በጣም ትንሽ መረጃ ነው። ካሜራውን በነፋስ በሚወዛወዝ ዛፍ ወይም በሚፈስ ውኃ ላይ አነጣጥሮ መተው ይሻላል። ቅጠሎቹ እያንዳንዳቸው ሲንቀሳቀሱ ካሜራው ሊያምቀው የሚችለው ድግግሞሽ ያጣል፤ ዲስኩም እውነተኛውን ሸክም ይቀምሳል።

ዲስኩ ፈተናውን ቢያልፍም ገመዱ ሊጥለው ይችላል። የዩኤስቢ-ሲ ጫፍ ያለው ገመድ ሁሉ አንድ አይደለም። ለስልክ ቻርጅ ተብሎ የሚመጣው ገመድ በውስጡ ብዙ ጊዜ የዩኤስቢ 2.0 ሽቦ ብቻ ይዟል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ፣ ቢበዛ በሰከንድ 60 ሜጋባይት፣ በተግባር ደግሞ ከዚያ በታች የሚያስተላልፍ ደረጃ ነው። የስያሜው ዝብርቅርቅም ችግሩን ያብሰዋል። ዩኤስቢ 3.0 ይባል የነበረው በኋላ 3.1 ጄን 1፣ ከዚያም 3.2 ጄን 1 ተብሏል፤ ሦስቱም ያው ባለ 5 ጊጋቢቱ ናቸው። ገዢ ስሙን ትቶ በሰከንድ ስንት ጊጋቢት እንደሚያስተላልፍ የተጻፈውን ቢያነብ ይበጀዋል። ገመዱ አጭር ይሁን፤ ዲስኩም ከካሜራው ጋር በማሰሪያ ተጣብቆ፣ የገመዱ ጫፍም እንዳይነቃነቅ ተይዞ ይሁን። የሚንጠለጠል ዲስክ በቀረጻ መካከል ለአንድ ቅጽበት ቢላቀቅ ያልተዘጋው ፋይል ሊከፈት የማይችል ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የፎርማት ምርጫ ነው። ኤክስፋት የተባለው የፋይል ሥርዓት በዊንዶውስም በማክም ስለሚነበብ ተመራጭ ነው፤ ነገር ግን የጽሑፉን ሂደት መዝግቦ የሚይዝ የጥንቃቄ ደብተር የለውም። የማኩ ኤችኤፍኤስ ፕላስ አለው፤ ኤሌክትሪክ ወይም ገመድ በድንገት ሲቋረጥ መረጃው የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ ነው። በማክ ብቻ የሚሠራ ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ ምክንያት አለው።

ጉዳዩ አሁን የባለሙያ ካሜራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አይፎን 15 ፕሮ በውጫዊ ዲስክ ላይ በቀጥታ በ4ኬ፣ በሰከንድ 60 ምስል፣ በፕሮሬስ መቅረጽ ይችላል። አፕል ለዚህ ዲስኩ ቢያንስ በሰከንድ 220 ሜጋባይት መጻፍ እንዲችል፣ ገመዱም ባለ 10 ጊጋቢት እንዲሆን ይጠይቃል። ከስልኩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ገመድ ግን የዩኤስቢ 2.0 ነው። ስልኩን ከነሙሉ ዕቃው የገዛ ሰው ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ገመድ አላገኘም ማለት ነው።

ሙቀትና ከፍታም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ኤስኤስዲ ሲጽፍ ይሞቃል፤ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሳምሰንግ ቲ7 የሥራ ሙቀት ወሰን እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በዱባይ ወይም በኩዌት ሐምሌ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ዲስክ ገና ሥራ ሳይጀምር ወደዚህ ወሰን ይጠጋል። የዳሎል አማካይ ዓመታዊ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተካሄደ ልኬት 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ይህ አማካዩ እንጂ የቀትሩ አይደለም። በዚያ የሚቀርጽ ቡድን ዲስኩን በካሜራው ጥላ በኩል ማሰርና ሁለት ዲስኮችን እያፈራረቀ ማቀዝቀዝ ይኖርበታል። የጎማ ልባስ ያለውን ዲስክ በሌላ ጨርቅ መጠቅለል ከአቧራ ቢጠብቀውም ሙቀቱን ያፍነዋል።

በተቃራኒው ጫፍ ያለው የባሌ ሳነቴ ነው። በዚያ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቀይ ቀበሮን ሲቀርጽ የሚውል ሰው ማታ መረጃውን ወደ ርካሽ ሀርድ ዲስክ ሊገለብጥ ያስባል። የሀርድ ዲስክ ማንበቢያ ራስ ግን በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው፤ ከሰሌዳው የሚለየው የናኖሜትር ርቀት ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይሳሳል፤ ራሱም ሰሌዳውን ሊነካ ይችላል። በዚህ ምክንያት የብዙ ሀርድ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ተብሎ ተጽፏል። አዲስ አበባ ላይ ምንም ችግር የለም፤ ሳነቴ ላይ ግን ዲስኩ አምራቹ ከፈቀደው ወሰን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እየሠራ ነው። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይህ አያሰጋውም። መረጃውን በሁለት ኤስኤስዲ ላይ አቆይቶ ወደ ሀርድ ዲስክ መገልበጡን ከተራራው ከወረዱ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

ወደ አገር ቤት ከሚላኩ ዕቃዎች መካከል ዲስክ ቀላልና በሻንጣ ጥግ የሚገባ በመሆኑ ዘመድ ለዘመድ፣ ጓደኛም ለጓደኛ ይልከዋል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ከአስመሳይ ዕቃ ነው። በኢንተርኔት ገበያዎች 16 ቴራባይት ተብለው በጥቂት ዶላር የሚሸጡ ዲስኮች ሲከፈቱ በውስጣቸው ከሙጫ ጋር የተለጠፈች ሚሞሪ ካርድ የተገኘባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። የእነዚህ ዕቃዎች ተንኮል ወዲያው አለመታወቁ ነው። የውስጥ ፕሮግራማቸው ለኮምፒውተሩ የሐሰት መጠን እንዲናገር ተደርጓል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ እየተጻፈ የፋይሎቹ ስም ብቻ እንደነበረ ይቀመጣል። ባለቤቱ ሁሉም ያለ ይመስለዋል፤ ሲከፍተው ባዶ ነው። ኤፍ3 የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ያወጣል። ይህን ፍተሻ ላኪው ከመላኩ በፊት ቢያደርገው ዕቃውን ለሻጩ መመለስ ይችላል፤ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

እውነተኛና ታዋቂ ስም ያለው ዲስክም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዌስተርን ዲጂታል በዚያን ጊዜ በሳንዲስክ ስም ይሸጣቸው ከነበሩት የኤክስትሪም ፕሮ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች አንዳንዶቹ ከኮምፒውተር በድንገት ሊቋረጡ እንደሚችሉ ገልጾ የማስተካከያ ፕሮግራም አውጥቷል፤ በዚያው ዓመት መረጃ ጠፋብን ያሉ ደንበኞች በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ መሥርተዋል። እነዚህ ዲስኮች በፎቶግራፍና በቪዲዮ ባለሙያዎች ዘንድ እጅግ የተወደዱ ነበሩ። ስለዚህ የትኛው ዲስክ አይበላሽም የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ ዲስኩ በተበላሸ ቀን ቀረጻው ሌላ የት ይገኛል የሚለው ግን መልስ ሊኖረው ይችላል። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው የ3-2-1 ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱም በሌላ ቦታ ይላል። ለአንድ ሠርግ ቀራጭ ይህ ማለት ከዝግጅቱ ማግስት ቀረጻው በሁለት ሀርድ ዲስኮች ላይ አርፎ፣ አንዱ በጓደኛ ቤት ተቀምጦ፣ ዋናው ኤስኤስዲም እስከ ርክክቡ ድረስ ሳይጠፋ ይቆያል ማለት ነው።

አገለባበጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፋይሉን በማውዝ ጎትቶ መጣል በብዛት ይሠራል፤ በመካከል አንድ ቢት ቢሳሳት ግን የሚናገር የለም። ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ፋይል የቁጥር አሻራ ያወጣሉ፤ የቅጂው አሻራ ከዋናው ጋር ካልገጠመ ያስጠነቅቃሉ። ነፃው የዳቪንቺ ሪዞልቭ እትም ይህን የሚሠራ ክሎን የተባለ መሣሪያ አለው፤ ብዙ ተጠቃሚ ግን በፕሮግራሙ ውስጥ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ኤስኤስዲን እንደ ማኅደር መቁጠርም አይገባም። በሕዋሱ ውስጥ የታሰረው ቻርጅ ከጊዜ ጋር ይሾልካል። የኢንዱስትሪው ደረጃ አውጪ ጄዴክ ለግል ተጠቃሚ የሚሸጥ ኤስኤስዲ የተፈቀደለትን የመጻፍ ዕድሜ ከጨረሰ በኋላ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ፣ በ30 ዲግሪ ሙቀት፣ መረጃውን ለአንድ ዓመት እንዲይዝ ነው የሚጠይቀው። አዲስ ዲስክ ከዚህ እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ለዓመታት ሲጻፍበትና ሲደመሰስበት የኖረ፣ በሞቃት ክፍል መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ዲስክ ግን ሌላ ነገር ነው። ኃይሌ ገሪማ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ከአሥርት ዓመታት በኋላ ታድሶ ዳግም ለዕይታ በቅቷል፤ ፊልም በብርሃን ፊት ሲያዝ ምስሉ ይታያል። የዲጂታል ቀረጻ እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። ትላልቅ ስቱዲዮዎች ለዚህ ኤልቲኦ የተባለውን ማግኔታዊ ቴፕ ይጠቀማሉ፤ ዘጠነኛው ትውልድ በአንድ ካርትሪጅ 18 ቴራባይት ይይዛል። መጻፊያ መሣሪያው ግን ብዙ ሺህ ዶላር ስለሚያወጣ ለግለሰብ የሚቀመስ አይደለም። የአረጋውያንን ምስክርነት ወይም የቤተሰብ ታሪክ የሚቀርጽ አነስተኛ አዘጋጅ ሁለት ሀርድ ዲስኮችን በተለያየ ጊዜ ገዝቶ፣ ቀኑንና ይዘቱን በላያቸው ጽፎ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እየሰካ የቁጥር አሻራቸውን ቢያመሳክር፣ በየአምስት ዓመቱ ገደማም ወደ አዲስ ዲስክ ቢያሸጋግራቸው ሥራው በእጁ ይቆያል።

ከካሜራው ጋር የሚሠራው ኤስኤስዲ ከዚያ በኋላ ባዶ መሆን ይችላል። የሚደመሰሰው ግን ቅጂዎቹ ተከፍተው፣ መጀመሪያቸው፣ መካከላቸውና መጨረሻቸው ታይቶ ነው፤ ፎርማት የሚደረገውም በኮምፒውተር ሳይሆን ቀጥሎ በሚሠራበት ካሜራ ላይ ነው። ሙሉ የሆኑትና ባዶ የሆኑት ዲስኮች በቀረጻ ቀን እንዳይቀላቀሉ በሞሉት ላይ ቀይ ፕላስተር መለጠፍ ብዙ ቡድኖች የሚከተሉት ልማድ ነው፤ ፕላስተሩን የሚያነሣውም መገልበጡን በዓይኑ ያረጋገጠው ሰው ብቻ ነው።